ፈንታሌ ሥር፣ በነሐሴ ዝናብ

«አዋሽ ፓርክ? በነሐሴ?» አለኝ አጎቴ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየሰበሰበ። «አንተ ልጅ፣ ጭቃ ለማየት ከሆነ ያን ያህል መንገድ አያስፈልግህም። በራችን ላይ ሞልቷል።»

እውነቱን ነው። ያን ሰሞን አዳማ ሌሊት ሌሊት ሲዘንብባት እያደረ፣ ጠዋት ጠዋት ጋሪዎቹ ኩሬ እየዘለሉ ነበር የሚሄዱት። ደግሞም አዋሽ ፓርክን ለማየት የሚሄድ ሰው ወሩን ያውቃል። ታኅሣሥና ጥር ነው። ሣሩ ደርቆ ሲያጥር፣ አውሬው ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዙ ሲጠጋ፣ መንገዱም አቧራ እንጂ ጭቃ ሳይኖረው። እኔ ግን የፈለግሁት ሌላ ነበር። ያ ሁልጊዜ በበጋ፣ ያውም በአውቶቡስ መስኮት የማውቀው ቀይ ምድር ውኃ ሲነካው ምን እንደሚመስል ማየት እፈልግ ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ።

አጎቴ ያን ሁሉ ከተናገረ ከሩብ ሰዓት በኋላ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰማንያን አልፏል። የጉልምስና ዘመኑን የፈጀው በምድር ባቡር ነው፤ በመተሐራና በአዋሽ መካከል ሐዲድ ሲጠግን፣ አሸዋና ጠጠር ሲያስጭን፣ ጎርፍ የበላውን ሲያስሞላ። አሮጌው ባቡር ከቆመ ወዲህ ግን ወደዚያ ወገን ዞር ብሎ አያውቅም። ከተማችንንም እስከ ዛሬ ናዝሬት ይላታል። አዳማ የሚለው ስም ከናዝሬት የቀደመ መሆኑን፣ ናዝሬት ያሏትም ንጉሠ ነገሥቱ መሆናቸውን ስነግረው «የባቡር ትኬቱ ላይ የተጻፈው እሱ ነው» ይለኛል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል።

ከአዳማ እስከ መተሐራ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ወለንጪቲን አልፈን የቦሰት ተራራ በስተቀኝ ደመና ተከናንቦ ሲታየን ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ያለፈ ሰው፣ ጎናቸው የተቦረቦረ ትንንሽ ኮረብቶችን ሳያስተውል አይቀርም። ከላይ ሣርና ቁጥቋጦ ለብሰዋል፤ የተቆረሰው ጎናቸው ግን የማረቆ በርበሬ የፈሰሰበት ይመስላል። ግንበኞች «ሬድ አሽ» እያሉ ለሙሌት የሚጭኑት ጠጠር ከእነዚህ ኮረብቶች የሚወጣ ነው። እያንዳንዱ ኮረብታ በአንድ ወቅት እሳት የተፋ ቀዳዳ ነበር። ወደ ሰማይ የተረጨው የቀለጠ ድንጋይ ገና ትኩስ ሳለ አየር ሲያገኘው በውስጡ ያለው ብረት ዛገ፤ ቅላቱ ከዚያ የመጣ ነው። እንግዲህ የኮረብታው ቀለም የብረት ዝገት ነው ማለት ይቻላል።

መኪናውን አስቁመን ወረድን። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት። በስተግራችን ያለው ሜዳ መረሬ አፈር ነውና ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ሆኗል። ቀዩ ኮረብታ ላይ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ የቆመ ውኃ የለም። ድንጋዩ ሁለመናው ቀዳዳ ስለሆነ የወረደበትን ሁሉ ይጠጣዋል። የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው፤ በበጋ አቧራ ለብሶ የሚገረጣው ቅላት ሲርስ ወደ ጉበት ቀለም ጠልቋል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ጡጫ የሚያህል አንድ ድንጋይ አነሣና በእጁ መዘነው። «አየህ ቅለቱን? ጠግኜ የኖርኩት በዚህ ነው» አለና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ጨመረው።

ይህ ምድር በታሪክ መጻሕፍት ሌላ ስም አለው። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ዜና መዋዕል ፈጠጋር የሚለው አገር ከዚህ ሸለቆ አፋፍና ከአዋሽ ወዲህና ወዲያ የሚገኘውን ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተወለዱት በፈጠጋር ነው። አፄ ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ በ1521 ዓ.ም. የተጋጠሙበት ሽምብራ ኩሬም ከሞጆና ከአዳማ ወገን እንደሚገኝ ይነገራል። ስለ ጦርነቱ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ መሬቱ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ማን ማንን እንዳሸነፈ ሲነግሩን፣ የተዋጉበት ሜዳ ከሥሩ እየተሰነጠቀ መሆኑን ልብ ያሉ አይመስለኝም። ስምጥ ሸለቆው በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል። ለንጉሥ ዘመን ምንም አይደለም፤ ለድንጋይ ዘመን ግን ሩጫ ነው።

መተሐራ ልንገባ ስንል ቀዩ ድንጋይ አበቃና ጥቁሩ ጀመረ።

ይህን ቦታ ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት ያስቸግራል። የታረሰ ጥቁር ማሳ አስቡ፤ ነገር ግን ጓሉ ሁሉ ድንጋይ ነው፣ አንዳንዱ ጓል ደግሞ ቤት ያህላል። ልጅ ሳለን «ሰይጣን አርሶት ሳይዘራው የተወው» ይሉን ነበር። ምንጩ ከሰሜን የሚታየው የፈንታሌ ተራራ ነው። ፈንታሌ ከባሕር ወለል በላይ 2007 ሜትር ይደርሳል። ጫፉ ግን ሹል አይደለም፤ ተደርምሶ ወደ ውስጥ የገባ፣ ርዝመቱ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ሞላላ ጉድጓድ ነው። በተራራው ደቡባዊ ጎን አራት ኪሎ ሜትር ግድም የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቶ ጥቁሩን ቅልጥ ድንጋይ ወደ መተሐራ ሜዳ ያፈሰሰው የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚሉት እ.ኤ.አ. በ1820 ግድም ነው። በእኛ አቆጣጠር 1812 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ቀኑ ከየት ተገኘ? ከድንጋዩ ሳይሆን ከሰው አፍ ነው። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጣና አንኮበር ተቀመጠ። ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1844 ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። ሐሪስ ንቀቱ የበዛ፣ ብዕሩም የረዘመ ሰው ነበር፤ ያገሬው ሰው የነገረውን ግን መዝግቧል። በዚህ አካባቢ ከመሬት እሳት መውጣቱን፣ ያየውም ትውልድ ገና በሕይወት መኖሩን ከነገሩት ሰዎች ቃል ተነሥተው ነው ሊቃውንቱ ዓመቱን የገመቱት። ከዚያም ወደ ኋላ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ ከተራራው በስተደቡብ የነበረ አንድ ከተማ ከነቤተ ክርስቲያኑ በእሳተ ገሞራ መጥፋቱ ሲነገር ኖሯል። በእሳተ ገሞራ መዛግብት ውስጥም ሰፍሯል። የከተማው ስም ግን አልተረፈም። ስሙ ቢተርፍ ኖሮ በየዓመቱ መታሰቢያ እናደርግለት ነበር? እንጃ።

«እዚህ ላይ ዝግ በል» አለ አጎቴ ለሾፌሩ። በሰቃ ሐይቅ ደርሰን ነበር።

በዝናብ ውስጥ ሐይቁ ዳርቻ የለውም። ግራጫው ሰማይ ግራጫውን ውኃ ሲነካው አይታይም፤ የጥቁሩ ድንጋይ ጫፎች ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብለዋል። አጎቴ መስኮቱን አውርዶ ዝናቡ ፊቱን እየመታው ዝም ብሎ አየ። «እኔ ሥራ ስጀምር» አለ በመጨረሻ፣ «ይኼ ኩሬ ነበር። ፍየል ይዞሩበት ነበር።»

ማጋነን መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ያነበብኩት ግን ከአጎቴ ጋር የሚስማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የበሰቃ ስፋት ሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በአርባ ዓመት ጊዜ ከአርባ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሲቀንሱ ይህኛው አደገ። ግጦሹን ዋጠ፣ የሸንኮራ አገዳውን እርሻ ተጠጋ፣ አውራ ጎዳናውንና ሐዲዱን ደጋግሞ ስላሰጋቸው ደጋግመው ከፍ መደረግ ነበረባቸው። ውኃው ጨዋማ ነው፤ ፍሎራይድም ይበዛበታል። ለሰውም ለእርሻም አይሆንም። የማደጉን ምክንያት አንዳንዱ ሊቅ ለመስኖ ከአዋሽ ተጠልፎ ወደ መሬት በሚሰርገው ውኃ ላይ ያሳብባል፤ ሌላው ከሥር በሚፈልቁት ፍል ውኃዎችና በስምጥ ሸለቆው መንቀሳቀስ ላይ። ሁለቱም ተደርበው ሊሆን ይችላል። የሐይቁን ውኃ በልክ በልክ ወደ አዋሽ የመልቀቅ ሥራም ተሠርቷል፤ እሱም በተራው ከታች ያለውን ውኃ ጠጪ ያሳስባል። አጎቴ ግን በወጣትነቱ ያደርግ የነበረውን ነገረኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ተክለው ምልክት ያደርጉ ነበር። «በዓመቱ ስንመጣ ድንጋዩን አናገኘውም። ከውኃው በታች ነው።»

ከሐይቁ ወዲያ ያለው ታሪክ የሦስት እንግዶች ታሪክ ነው። የባቡሩ፣ የስኳሩና የፓርኩ።

ባቡሩ ቀድሞ መጣ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ወሰደበት። በዚያን ዘመን የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ሁለተኛው ሌሊት የሚታደረው አዋሽ ጣቢያ ነው። ያ ትንሽ ጣቢያ በዓለም ጉዞ ጽሑፍ ውስጥ ትልቅ ስም ያገኘው በዚህ ነው። በ1920 ዓ.ም. ኔስቢት፣ በ1926 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ግመሎቻቸውን ጭነው ወደ አፋር በረሃ የወጡት ከዚሁ ጣቢያ ነው። ቴሲጀር አዋሽን ተከትሎ ወንዙ ወደሚያልቅበት ወደ አቤ ሐይቅ ወረደ። አዋሽ፣ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው። ከጊንጪ ወገን ካለው ደጋ ተነሥቶ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ጠረፍ ጨው ውስጥ ይሰወራል። ሁለቱም ሰዎች ጥሩ መጽሐፍ ጻፉ። ሁለቱም አገሩን «ያልታወቀ» አሉት። ግመሎቻቸውን የሚነዱትና መንገድ የሚመሯቸው ሰዎች ግን እያንዳንዱን ጉድጓድ በስሙ ያውቁት ነበር።

ስኳሩ ቀጠለ። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዢያ ነፃ ወጥታ እዚያ የነበረው ሥራ ሲናጋበት አዲስ አገር ፍለጋ ወጣ፤ በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ የመጀመሪያውን ስኳር አወጣች። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሲያልቅ የአዋሽ ጎርፍ ተገራ፤ ከግድቡ በታች ያለው ዳርቻ ሁሉ ለመስኖ ተመኘ። መተሐራ ስኳር ማምረት የጀመረችው በ1962 ዓ.ም. ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ቤታችን የሚጠጣው ሻይ በሙሉ በዚህ ሸለቆ የጣፈጠ ስለነበር፣ ስኳሩን ልወቅስ ብል አፌ ይዞኛል።

ፓርኩ ከሁለቱ በኋላ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት አንድ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ከአባላቱ መካከል የታወቁት የሥነ ሕይወት ሊቅ ሰር ጁሊያን ሃክስሊና የሰሃራው ተመራማሪ ቴዎዶር ሞኖ ይገኙበት ነበር። አውሬው ሳያልቅ ክልል ይደረግለት ብለው መከሩ። አዋሽ በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1961 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ስፋቱ 756 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ለረጅም ዓመታት በአገራችን በሕግ የታወጁት ፓርኮች ስሜንና አዋሽ ብቻ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ቆርኬ ከሰንቀሌ በመኪና እየተጫነ መጥቶ ተለቀቀበት። ለአውሬ የሚሆን ቦታ በካርታ ላይ ሲፈለግ፣ አዋሽ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፣ አስፋልትና ሐዲድ አለው፣ ሰውም የለበትም ተባለ።

ሰው ግን ነበረበት። ከረዩዎችና ኢቱዎች፣ ወደ ሰሜንና ምሥራቅም አፋሮች። የከብትና የግመል አርቢ ኑሮ ለከተሜ ዓይን ዝብርቅርቅ ይመስላል፤ ግን ሥርዓት አለው። ከረዩ ዓመቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ዝናብ ሲመጣ፣ በእነሱ ቋንቋ «ገና» ሲሆን፣ ከብቱ ከወንዙ ርቆ ወደ ሜዳውና ወደ ፈንታሌ ግርጌ ይወጣል፤ ውኃ በየጉድጓዱ፣ ሣርም በየቦታው አለና። «ቦና» ሲመጣ፣ ሜዳው ሲነድ፣ ወደ አዋሽ ዳር ይወርዳል። የወንዙ ዳር ሣር በዝናቡ ወቅት ያልተነካ ተቀማጭ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ የኩባንያው መሐንዲስ በክረምት መጥቶ ወንዙ ዳር ቢቆም ምን ያያል? ለምለምና ባዶ መሬት። የፓርኩ አጥኚ በበጋ መጥቶ ሜዳው ላይ ቢቆም ምን ያያል? ሳላና እንሹ የሚሮጡበት ባዶ መሬት። አንዱ የበጋውን ግማሽ ወሰደ፣ ሌላው የክረምቱን። እርሻው የወሰደው ከጠቅላላው ሲታይ ቀጭን ሸርተቴ ነው የሚል ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ። የሰው አንገትም ከሰውነቱ ቀጭኑ ነው።

ይህን ስል ፓርኩ አያስፈልግም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየፓርኩ የሆነውን እናስታውሳለን፤ አውሬው ተገደለ፣ ዛፉ ተቆረጠ። የቆየ ቂም ጥበቃው በላላበት ቀን በጠብመንጃ ወጣ። የከፈለው ግን ሳላው ነው። ሳላው ደግሞ ማንንም አላፈናቀለም።

ፓርኩ በር ስንደርስ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ጥበቃው ባርኔጣውን አውልቆ ውኃውን እያራገፈ፣ ወደ ፈንታሌ የሚወጣው መንገድ በዚህ ወቅት እንደማይሞከር፣ ወደ ፏፏቴው የሚወስደው ግን ዝግ ብለን ከነዳን እንደሚያስኬድ ነገረን። «ጋሼን ይዛችሁ ባትርቁ» ብሎ ጨመረ። አጎቴ ይህን እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ተራራው አየ።

የኢላላ ሳላ ሜዳ በበጋ የአንበሳ ጀርባ ነው የሚመስለው። አሁን አረንጓዴ ነበር፤ የሚያሳፍር አረንጓዴ፣ ጎጃም ያለን እስኪመስለን። ሳላዎቹ መንገዱ ዳር አልነበሩም፤ ውኃ በየቦታው ስላለ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሦስቱን ብቻ ከሩቅ አየናቸው። እንደ ጦር የቆመው ቀንዳቸው ከሣሩ በላይ፣ የረጠበው ጎናቸው ከግራጫነት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። መንገዱ ዳር የተጋለጠው አፈር ቀይ ነበር፤ ጎርፉ የጨው መሬቱን ነጭ፣ የኮረብታውን ጠጠር ቀይ እየያዘ በመንኮራኩር ፈለግ ውስጥ ሲቀላቀል እያየን ሳለን መኪናው ወደ ጎን ተንሸራተተና እስከ ማዕከሉ ሰመጠ።

ሾፌራችን ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜም የባሰ ሰመጠ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ከቁጥቋጦው መሐል አራት ወጣቶች ብቅ አሉ፤ ግመል ጠፍቶባቸው እየፈለጉ ነበር። ፓርኩ ውስጥ ግመል ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅሁም። ዱላቸውን ግራር ላይ አስደግፈው፣ ቀይ ጠጠር በፕላስቲክ ጆንያ ተሸክመው ከጎማው ሥር ሞሉልን። መረሬውን ያሸነፈው ያ ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው። አጎቴ መስኮቱን አውርዶ «ከሥሩ ጨምሩ፣ ከፊቱ አይደለም!» እያለ ያዝዛቸው ጀመር፤ የድሮ ሥራው ተመለሰለት። እነሱም «እሺ ኦቦ» እያሉ ይስቁበታል።

መኪናው ወጣ። ከመካከላቸው ታናሹን ስሙን ጠየቅሁት። ዝናብ ሲዘንብ የተወለደ መሆኑን ስሙ ይናገር ነበር፤ በከረዩ እንዲህ ያለውን ልጅ ሮባ ይሉታል፣ ዝናብ ማለት ነው። ዝናብ አስቸገረን ብዬ ሳማርር የነበርኩት ሰው እዚያው ላይ ዝም አልኩ። ወደ ተራራው አመለከትኩና፣ ባለፈው ዓመት መሬት ሲንቀጠቀጥ የት እንደነበረ ጠየቅሁት።

«እዚሁ» አለኝ። «ግመሎቹ አይተኙም ነበር። ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ መተኛት ፈራ። ውጪ አደርን።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «የኛ ቤት እንጨትና ሣር ነው፤ ቢወድቅ ይነሣል። የፈራነው ለከተሞቹ ነው» አለኝ።

ወደ ኋላ አነሣዋለሁ ያልኩት ምክንያት ይኸው ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወራት ዘለቀ። የቀለጠ ድንጋይ ከፈንታሌ ሥር ተነሥቶ በስንጥቅ ውስጥ ለውስጥ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዶፈን ተራራ ወገን ተጓዘ። ላይ አልወጣም፤ መሬቱን ግን ሰንጥቆ አለያየው። ታኅሣሥ 25 ቀን በዶፈን እንፋሎትና አቧራ በጩኸት ሲወጣ ያየነው በየቴሌቪዥኑ ነው። በአፋርና በኦሮሚያ ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሣ። የካቲት 7 ቀን ማታ ደግሞ መጠኑ 6 የደረሰው መጣ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ሮጠ፤ እኛ አዳማ የአጎቴን አልጋ ከግድግዳው ሲርቅ አየነው። እሱ አልተነሣም። «ፈንታሌ ነው» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለሐሪስ የተነገረውን ነገር ስንቶቻችን እንደ ተረት ወስደነው ነበር? እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ሐሪስን ስለ ንቀቱ ወቀስኩት፤ ግን ቢያንስ ጠይቆ ጽፏል። ከሱ ወዲህ ድልድይ፣ ፋብሪካና ግድብ ሲሠራ የከረዩን ሽማግሌ «ይህ ተራራ ምን አድርጎ ያውቃል?» ብሎ የጠየቀ ስንት ይሆን?

ፏፏቴው ጋ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከማየታችን በፊት ሰማነው። በበጋ አዋሽ እዚህ ላይ ነጭ ሆኖ በጥቁሩ ዐለት ላይ በየገመዱ ይወርዳል። ያን ቀን ግን አንድ ወጥ ቡናማ ግድግዳ ነበር፤ ግንድ ይዞ፣ ላስቲክ ይዞ፣ የደጋውን አፈር ይዞ። ከጊንጪ እስከ ሞጆ የታረሰው ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ጉሮሮ ነው። ገደሉ ግድግዳ ላይ የእሳቱ ዘመናት እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበው ይታያሉ፤ ጥቁር ዐለት፣ ከሱ በታች አመድ፣ ከሱ በታች በትኩሳቱ የተጠበሰ ቀላ ያለ መስመር፣ እንደገና ጥቁር። ጉማው ፊታችን ላይ እየረጨ ለመነጋገር መጮኽ ነበረብን። አጎቴ ምን እንዳለ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ለካ ስለ 1977 ዓ.ም. ነው የሚያወራው፤ በዚያ ጥር ከአዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከአራት መቶ የሚበልጥ ሰው ያለቀበትን ቀን። ከዚህ በፊት አንድም ቀን ስለዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ያለኝ ይህን ብቻ ነው፤ «የዚያን ቀን ዝናብ አልነበረም። ጥርት ያለ ነበር።»

ስንመለስ በአዲሱ ሐዲድ ላይ የኮንቴይነር ባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አለፈን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ጭስ የሌለው። አጎቴ ፉርጎውን ቆጠረ፤ ስንት እንደደረሰለት ግን አልነገረኝም።

በሰቃ ጋ መኪናውን አስቆመ። ሊመሽ ነው፣ ዝናቡም እንደገና ጀምሯል፣ ሾፌሩም ስለ መንገዱ እያጉረመረመ ነው። አጎቴ ግን ከዘራውን እየተመረኮዘ በጥቁሩ ድንጋይ መሐል እስከ ውኃው ጠርዝ ወረደ። ልደግፈው ብከተለው በእጁ ከለከለኝ። ከካፖርቱ ኪስ ጠዋት ያነሣውን ቀይ ድንጋይ አወጣ፤ ውኃው ከሚነካበት አንድ ክንድ ያህል ወዲህ፣ በሁለት ጥቁር ድንጋዮች መካከል አስቀመጠውና በከዘራው ጫፍ መታ መታ አድርጎ አጸናው። በጥቁሩ ሁሉ መካከል ከመንገዱ ይታይ ነበር።

መኪና ውስጥ ሲገባ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። «በሚመጣው ነሐሴ እናየዋለን» አለና ሾፌሩን መስኮቱን እንዲዘጋለት ጠየቀው።